መስታወት ላይ የረጨሁት ውርጭ

መንዝ ውስጥ ውርጭ በገንዘቡ የገዛ ሰው ብትፈልጉ ከእኔ ሌላ አታገኙም። ሌላው ሰው ውርጭ ገብሱን እንዳይመታበት ይሳላል፤ ጠዋት ተነሥቶ ማሳው ነጭ ሆኖ ካገኘው አገጩን ይዞ ይቀመጣል። እኔ ግን ደብረ ብርሃን ድረስ በአውቶቡስ ሄጄ፣ በጣሳ የታሸገ ውርጭ ገዝቼ፣ ወደምኖርባት ዘመሮ አስገባሁት። እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ። መሳቅ ትችላላችሁ፤ እኔም መጀመሪያ ላይ ስቄ ነበር።

ጥፋቱ የሚጀምረው ከመስኮቱ ነው። አያቶቻችን የድንጋይ ቤታቸውን ሲሠሩ መስኮት የሚሉት ድመት ተጨንቃ የምታልፍበትን ቀዳዳ ነበር። ብርድን የሚያውቁ ሰዎች ነበሩ። እኔ ግን የወረዳ መዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ። ደመወዝተኛ ሰው በድመት ቀዳዳ አያይም ብዬ፣ ቆርቆሮ ቤቴን ስሠራ ወደ ገበያ ከሚወስደው መንገድ ፊት ለፊት፣ በምሥራቅ በኩል፣ በር የሚያህል መስታወት አስገጠምኩ። ብረት በያጁ "ይከፈት ወይስ ድፍን ይሁን?" ብሎ ሲጠይቀኝ "ድፍን!" አልኩት። በመንዝ ነፋስ የሚከፈት መስኮት ማሠራት ቤትን ለነፋስ ማከራየት ነው። በሩንም ነፋሱን ሽሽት በጓሮ በኩል አደረግኩት። ስለዚህ ከመንገዱ ጋር የሚያገናኘን ያ የማይከፈት መስታወት ብቻ ሆነ። የተማረ ሰው ስሕተት እንዲህ ነው፤ መጀመሪያ ያምራል።

ጠዋት ጠዋት ፀሐይዋ ቀጥ ብላ ስለምትገባ ቤታችን ከመንገድ ወለል ብሎ ይታያል። የበላነውን፣ ያልበላነውን፣ የተኮራረፍንበትን ቀን ሳይቀር አገር ያውቀዋል። እኛ ዘንድ ደግሞ ሰው እያየህ ዝም ብለህ አትጎርስም፤ "እንብላ" ትላለህ። መስታወት ድምፅ አያሳልፍም፤ ስለዚህ በእጅ መጥራት ግድ ነው። በአፍ የተጠራ ሰው "ይባርክላችሁ" ብሎ ያልፋል። በእጅ የተጠራ ሰው ግን ጉዳይ ያለ ይመስለውና በጓሮ ዞሮ ይገባል። አንድ ቅዳሜ ቁርስ ላይ ዘጠኝ እንግዳ ገባብን። አንደኛው ከመርሐቤቴ ጤፍ ሊሸጥ የመጣ ነበር፤ ሁለቴ ተጨምሮለት በላ፣ መርቆን ሄደ፣ ስሙን እስከ ዛሬ አላውቀውም።

በዐቢይ ጾም ደግሞ ጨጓራዬ አሞኝ ገና በረፋዱ ቂጣ ስቆርስ፣ የንስሐ አባቴ መምሬ ጥላዬ በመንገድ ሲያልፉ ያዙኝ። አልተቆጡም። በመስቀላቸው ጫፍ መስታወቱን ቆርቆር አደረጉና በጣታቸው ፀሐይዋን አሳዩኝ። የቆረስኩትን ቂጣ መልሼ አስቀመጥኩ።

ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ስትዞር ደግሞ ውስጡ ይጨልምና መስታወቱ ለውጪው ሰው የመልክ ማያ ይሆናል። ከገበያ የሚመለሰው ሁሉ እዚያ ይቆማል። ሴቶቹ ሻሻቸውን ያስተካክላሉ። አንድ ጎልማሳ አፉን ከፍቶ የሚያመውን መንጋጋ ሲመረምር፣ እኔ ከውስጥ ሆኜ እስከ እንጥሉ ድረስ አየሁለት። መነቀል ነበረበት።

ይህን ሁሉ ችዬ እኖር ነበር። ያላስቻሉኝ ጋሽ ተክሌ ናቸው።

አባቴ እግራቸው አልታዘዝ ካላቸው ወዲህ ከእኛ ጋር ይኖራሉ። ከመስታወቱ ሥር ባለው መደብ ላይ፣ የበግ ጠጉር ባናቸውን ተከናንበው፣ የዝንብ ማባረሪያ ጭራቸውን ይዘው መንገዱን ሲያዩ ይውላሉ። ጋሽ ተክሌ ደግሞ የአባቴ የልጅነት ጓደኛ ነበሩ፤ አብረው ያደጉ፣ አብረው ያረሱ፣ በአንድ ማኅበር የጠጡ። ያጣላቸው ሣር ነው።

ከዓመታት በፊት ጋሽ ተክሌ የጓሳ ጠባቂ ነበሩ። ጓሳ የጋራ የሣር ምድር ነው፤ ሣሩ የሚታጨደው አገር መክሮ ቀን ሲቆርጥ ብቻ ነው። አባቴ የማድ ቤታቸው ክዳን ቢያፈስባቸው፣ ቀኑ ሳይደርስ አንድ የአህያ ጭነት አጨዱ። ጋሽ ተክሌ አዩ። በሽማግሌ ፊት ሲጠየቁም "አይቻለሁ" አሉ። ዋሽተው ቢሆን ኖሮ ይቅርታ ጠይቀው ይታረቁ ነበር፤ እውነት ስለተናገሩ ግን መታረቂያው ጠፋ። አባቴ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ቆመው "ከእንግዲህ ከተክሌ ጋር ቃል ብለዋወጥ፣ እኔም ሆንኩ ከቤቴ ማንም ደጁን ቢረግጥ፣ ይህ ታቦት ይፍረድብን!" ብለው ማሉ። ጋሽ ተክሌም እዚያው ቆመው ያንኑ መሐላ መለሱ። ሽማግሌ ሦስት ጊዜ ገባ። ሁለቱም መታረቁን አይጠሉም ነበር፤ ያቃታቸው ቀድሞ መናገሩ ነው። በእኛ አገር ቂም እንደ ገብስ ነው፤ አንዴ ጎተራ ከገባ ብርድ አያበላሸውም።

እኚህ ሰው ታዲያ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ወደ ገበያ ሲሄዱ በቅሏቸውን ከመስታወቴ ፊት ያቆማሉ፤ ከአባቴ ጋር ፊት ለፊት። ከዚያ ባርኔጣቸውን ያወልቁና ቀስ ብለው አቧራውን ያራግፋሉ። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። መልሰው ይደፉና ይሄዳሉ። በክረምት፣ ጭቃው በቅሎዋን እስከ ጉልበቷ በሚውጥበት ጊዜ እንኳ አቧራ ያራግፋሉ። እኔ ደግሞ በልጅነቴ የቄስ ትምህርት ቤት ቀመስ ነኝ፤ ከማይቀበል ቤት ሲወጡ ትቢያን አራግፎ መሄድ ምን ማለት እንደሆነ ከወንጌል ሰምቻለሁ። ሰውዬው በየሳምንቱ ቤታችንን እየረገሙት ነው አልኩ። አባቴ ግን ጭራቸውን ከፍ አድርገው ዝንብ ያባርራሉ። በዚያ ብርድ ዝንብ ከየት እንደሚመጣ ጠይቄ አላውቅም። ሞኝ የሚታወቀው በሚጠይቀው አይደለም፤ ሳይጠይቅ በሚያልፈው ነው።

አባቴን ከዚህ ስድብ ላድናቸው ቆረጥኩ። መጋረጃ ቀደም ብዬ ሞክሬ ነበር፤ ቤቱ ሲጨልም አባቴ "ገና ሳልሞት መቃብር አታስገባኝ" ብለው አስነሡኝ። ለሥራ ጉዳይ ደብረ ብርሃን በሄድኩበት፣ አንድ የቀለም ነጋዴ ጭንቀቴን ሰምቶ ረዘም ያለች ጣሳ አወጣልኝ።

"ይቺ የመስታወት ውርጭ ናት ጌታዬ። ይረጩታል፣ ይነጣል፣ በቃ። ብርሃን ያስገባል፤ ዓይን አያስገባም።"

ጣሳው ላይ ያለው ጽሑፍ ግማሹ ቻይንኛ፣ ግማሹ እንግሊዝኛ ነበር። ከእንግሊዝኛው የገባኝ "በደንብ ነቅንቅ" የሚለው ብቻ ስለሆነ፣ ነቀነቅኩ። አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጬ፣ ጣሳውን ካፖርቴ ኪስ ውስጥ እንደያዝኩ ነቀነቅኩ። ለካ ውስጧ ትንሽ የብረት ኳስ አለች፤ ቀጭ ቀጭ ትላለች። ሾፌሩ ጆሮውን አቆመ፤ ከዚያ መኪናውን አቆመ።

"የጎማው ኩሽኔታ ሄዷል" አለ።

ራሱ ከመኪናው ሥር ተንጋሎ ገባ። ተሳፋሪው ሁሉ ወርዶ በብርድ ቆመ። እኔም ነገሩ ሲገባኝ እጄን ከኪሴ ሳላወጣ አብሬያቸው ቆምኩ። አንዲት አሮጊት "እመብርሃን ታውጣን" ሲሉ "አሜን" አልኩ። ሾፌሩ የሆነ ነገር በመዶሻ መታ መታ አድርጎ ወጣ። ስንሄድ ድምፁ ጠፍቷል። እስከ ዘመሮ ድረስ ስለ መካኒክነቱ ሲያወራን መጣ፤ እኔም ራሴን እየነቀነቅኩ አደነቅኩለት።

ቤት ስደርስ ባለቤቴ አስካለ ጣሳዋን አገላብጣ አየቻት።

"ምንድነው ይሄ?"

"ውርጭ ነው። መስታወት ላይ የሚረጭ።"

"ሰው መንዝ ላይ እየኖረ ውርጭ ከደብረ ብርሃን ይገዛል? ውጪ ብታድር በነጻ ታገኘው አልነበር?"

ለየትኛው መስኮት እንደሆነ አልጠየቀችኝም፤ እኔም አልነገርኳትም። በማግሥቱ እሷ ወፍጮ ቤት ስትሄድ ሥራዬን ጀመርኩ።

በወጉ ቢሆን ከውስጥ ነበር መረጨት ያለበት። አባቴ ከመደባቸው ስለማይነሡ፣ ሽታው እንዳይጎዳቸው ብዬ በውጭ በኩል ያዝኩት። የመንዝ ነፋስ ከኋላዬ ነው ብዬ ስጀምር ከፊቴ መጣ። የመጀመሪያው ርጭት ጢሜ ላይ አረፈ። ሁለተኛው አጥር ሥር ታስሮ የነበረውን የጎረቤቴን የታደሰን ጥቁር በግ ጎኑን አነጣው። በጉ በኋላ ገበያ ወጥቶ እከክ ያለበት መስሎ ሳይሸጥ ተመለሰ፤ ይህ ሌላ ጣጣ ነው። ሦስተኛው ግን መስታወቱን አገኘው።

ከላይ ጀምሬ ወደ ታች ወረድኩ። መጀመሪያ ጣሪያው ጠፋ፤ ቀጥሎ ግድግዳው፤ ቀጥሎ የአባቴ ቆብ። ፊታቸው ላይ ስደርስ አባቴ እጃቸውን አነሡ። ደስ ብሏቸው ነው ብዬ እኔም እጄን አነሣሁላቸው። አፋቸውም ይንቀሳቀስ ነበር። መስታወት ድምፅ እንደማያሳልፍ ነግሬአችኋለሁ። ረጨሁት።

ቅዳሜ ደረሰ። ቁርሳችንን ማንንም ሳንጠራ በላን፤ እውነቱን ለመናገር በዚያች ጠዋት የበላሁት ፍርፍር እስከ ዛሬ ይጣፍጠኛል። ከዚያ በነጩ መስታወት ላይ የበቅሎና የሰው ጥላ መጥቶ ቆመ። ጥላው ባርኔጣውን አወለቀ። አራገፈ። ጠበቀ። ጠጋ ብሎ ግንባሩን መስታወቱን ሊያስነካው ምንም አልቀረውም። እኔ ተስፈንጥሬ ተነሣሁና መስታወቱን በጡጫ ደበደብኩት።

"ይሂዱ! ከእንግዲህ እዚህ የሚታይ ነገር የለም!"

ቃሌ ባይሰማ ጡጫዬ ተሰምቷል። ጥላው ባርኔጣውን በእጁ እንደያዘ ትንሽ ቆየ። ከዚያ ሳይደፋው ሄደ።

"ተገላገልን አባባ" አልኩ፣ እጄን እያራገፍኩ። አባቴ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

በሳምንቱ ውስጥ ታደሰ መጣ። ያኔ ሁላችንም አንድ ለአምስት የተደራጀንበት ጊዜ ነበር፤ የእኛ አምስት መሪ ታደሰ ነው። ስለ በጉ ሊወቅሰኝ መስሎኝ ይቅርታዬን አዘጋጅቼ ነበር።

"ወንድሜ፣ እኛ ጠዋት ማታ ግልጽነት እንላለን፤ አንተ መስኮት ታደበዝዛለህ" አለ። "ውስጥ ምን ስብሰባ አለ?"

"ከአባቴና ከሚስቴ ጋር ምሳ እንበላለን።"

"አጀንዳው ምንድነው?"

"ሽሮ" አልኩት። በማስታወሻ ደብተሩ የሆነ ነገር ጽፎ ሄደ። በጉን ያነሣው በሌላ ቀን ነው።

ሁለተኛው ቅዳሜ መጣ። ጥላ አልነበረም። ድል ያደረግኩ መሰለኝ። አባቴ ግን ቁርስ አልበላም አሉ፤ ምሳም እንዲሁ። ባናቸውን እስከ ዓይናቸው ስበው ተኙ። አስካለ ያልተነካውን ገበታ ይዛ ወደ ጓዳ ስትገባ ተከተልኳት።

"ምን ሆኑ?" አልኳት።

"አንተ እውነት አታውቅም?" አለች። "አርብ አርብ 'ባናዬን አራግፊልኝ፣ ቆቤን እጠቢልኝ' የሚሉኝ ለማን ይመስልሃል?"

"ለሰንበት።"

"ጠዋት ጠዋት መስታወቱ መልክ አያሳይም፤ የሚታየው ውስጡ ነው። ጋሽ ተክሌ ታዲያ ምን እያዩ ነው ባርኔጣ የሚያወልቁት?"

"አቧራ እያራገፉ ይረግሙናል!"

"ባርኔጣ አውልቆ የሚራገም ሰው የት አይተሃል? በጥቅምት ውርጭ ዝንብስ አይተህ ታውቃለህ? አባባ ጭራቸውን የሚያነሡት ለእሳቸው ነው። ቃል አልወጣም፣ ደጅ አልተረገጠም፤ በየሳምንቱ እንዲህ ደህና አደርክ ይባባላሉ።"

ቁጭ አልኩ። "ለምን አልነገርሽኝም?"

"የምታውቅ መስሎኝ! አገር የሚያውቀውን። ጣሳውንም ለመኝታ ቤታችን መስኮት መስሎኝ ነበር።"

እየሮጥኩ ቤተ ክርስቲያን ሄጄ መምሬ ጥላዬን አገኘሁ። ሰምተውኝ ሲያበቁ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ።

"ሁለቱም በየተራ መጥተው ጠይቀውኛል" አሉ። "አባትህ 'ጭራ ባነሣ መሐላዬ ይፈርሳል ወይ?' ብለው ጠየቁኝ። 'ጭራ አፍ የለውም' አልኳቸው። ተክሌ ደግሞ 'ባርኔጣ ባወልቅስ?' አለኝ። 'አቧራ ካለው አራግፈው' አልኩት። ምን ላድርግ ልጄ? ሁለቱ አብረው ካልመጡ መሐላውን መፍታት አልችል። ትንሽ ቀዳዳ ተውኩላቸው።"

እኔ ያንን ቀዳዳ ነው የደፈንኩት። "ሄደው ይንገሩልኝ አባ፤ እኔም ሚስቴም ደጃቸውን መርገጥ አንችልም" አልኳቸው።

"ሰሞነኛ ነኝ፤ ተራዬን ሳልጨርስ ከዚህ ቅጥር መራቅ አልችልም። የነገ ሳምንት እሑድ ስወጣ ወዲያው እሄዳለሁ። እስከዚያው አንተ መስታወትህን ፋቅ።"

ሌላ ሰው መላክ እችል ነበር። አልላክሁም። ምን ብሎ ይንገርልኝ? "ልጁ ሰላምታውን እርግማን መስሎት ነው" ይበል? አፈርኩ። ተፍቆ ሲያዩት ራሳቸው ይረዱታል ብዬ ራሴን አታለልኩ። በሕይወቴ ከሠራሁት ስሕተት ሁሉ ያቺን ማፈሬን ይቅር ማለት አልቻልኩም።

መፋቁ ደግሞ መከራ ሆነ። ከውጭ አገር የሚመጣ ዕቃ ሁሉ በሳምንቱ ሲሰበርና ሲለቅ አውቃለሁ፤ ያቺ ጣሳ ብቻ የእውነት ዕቃ ሆና ተገኘች። በምላጭ ፋቅኩት፤ ምላጩ ዶለዶመ። በላምባ አሸሁት፤ እኔ ላምባ ላምባ ሸተትኩ እንጂ ውርጩ አልለቀቀም። በአመድ ሞከርኩ። የሰማዩ ውርጭ ፀሐይ ስትወጣ ይቀልጣል፤ የእኔው ንቅንቅ አልል አለ። አስካለ "ስበረው" አለች። ሌላ መስታወት ከደብረ ብርሃን እስኪመጣ ነፋሱ አባቴን ይገድላቸዋል። ስለዚህ ከሥራ እየተመለስኩ አንድ ቦታ ላይ ብቻ፣ ከአባቴ ዓይን ፊት ለፊት፣ ምላጭ እየለወጥኩ ፋቅኩ። ሐሙስ ማታ የቡና ሲኒ የምታህል ቀዳዳ ወጣች። አርብ ዕለት ከመስታወቱ ጀርባ ትንሽ ኳ ኳ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ዓይኔን ቀዳዳዋ ላይ ስጥል አባቴ ጣታቸውን ወደ ታች ቀስረው ነበር። ትንሽ ዝቅ እንዳደርጋት ነው። ዝቅ አደረግኳት፤ የሳህን ያህል ሆነች።

የዚያን ዕለት ባናቸው እንዲራገፍ፣ ቆባቸው እንዲታጠብ አዘዙ። ሙሉ እንጀራ በሉ። እኔም ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ፤ ደስ ብሎኝ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት አባቴ ከሁላችንም ቀድመው ነቅተው፣ ጭራቸውን ይዘው፣ ቀዳዳዋ ላይ ተሰየሙ። እኔ ከጎናቸው ቆምኩ። ቆየት ብሎ የበቅሎዋ ጥላ በነጩ ላይ መጣ። አባቴ ቀና አሉ።

በበቅሎዋ ላይ ሰው አልነበረም።

ከኋላዋ ብዙ ጥላ ተከተለ። የአንድ ትልቅ ጃንጥላ ጥላ፣ ከዚያ በሰው ትከሻ ላይ የሚሄድ አንድ ረጅም ነገር። ጋሽ ተክሌ አርብ ማታ ነው ያረፉት። ለባላንጣ ቤት መርዶ የሚነግር የለምና እኛ አልሰማንም። በኋላ እንደተነገረኝ፣ ብርድ መትቷቸው ነው፤ ራሳቸውን ገልጠው ከገበያ ከተመለሱበት ዕለት ጀምሮ ከአልጋ አልወረዱም። ባርኔጣቸውን ሳይደፉ ከደጄ የሄዱት ዕለት መሆኑ ነው። ሽማግሌ ሰው በጉንፋንም ይሞታል፣ በዕድሜም ይሞታል ይሉኛል። ይበሉ። እኔ የማውቀውን አውቃለሁ።

በቅሎዋ ከመስታወቱ ፊት ስትደርስ እንደ ልማዷ ቆመች። ጎተቷት፤ እምቢ አለች። ገፏት፤ ጆሮዋን ጥላ ቆመች። ከኋላ ያለው ለቀስተኛ ሁሉ ተገትሮ ቀረ። አስከሬን ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ በየመንገዱ እያረፈ ይጸለይበታል፤ ያ ማረፊያ ምዕራፍ ይባላል። ሊቀበሏቸው ከቤተ ክርስቲያን ወጥተው የነበሩት መምሬ ጥላዬ ወደ ቀዳዳችን አዩና እጃቸውን አነሡ።

"ተዉአት" ሲሉ በአፋቸው አነበብኩ። አስከሬኑን ከመስታወቱ ፊት አሳረፉት።

አባቴ ፊታቸውን ከቀዳዳዋ ሳያነሡ ጭራቸውን ከፍ አደረጉ። ጸሎቱ ረጅም ነበር፤ ክንዳቸው ዛለ። አስካለ መጥታ ክርናቸውን ደገፈችላቸው።

"አባባ" አልኳቸው፣ "አሁንስ ይናገሩ። ከእንግዲህ የሚይዝዎት መሐላ የለም።"

"ለማን?" አሉ።

በሚቀጥለው አርብ ባናቸው እንዲራገፍ አላዘዙም። ቅዳሜ ጠዋት ቁርስ እንዳነሣን ጠሩኝ።

"ያ ጣሳህ አልቋል?"

"የቱ ጣሳ አባባ?"

"ውርጩ።"

"ትንሽ ሳይኖረው አይቀርም።"

"ይቺን ቀዳዳ ድፈናት።"

መስታወቱን በሙሉ ጨርሼ ልፋቅልዎ፣ አዲስ መስታወት ላስመጣልዎ ብዬ ለመንኳቸው። መንገዱ ላይ በግ የሚነዳ፣ ገብስ የጫነ፣ ጃንጥላ የያዘ ሰው እየተጋፋ ወደ ገበያ ይወርዳል።

"እኔ እያየሁ፣ እሱ በቆመበት ሌላ ሰው ያልፋል" አሉ።

ጣሳዋን ይዤ በጓሮ ዞሬ ወጣሁ። ነቀነቅኳት፤ ኳሷ ቀጭ ቀጭ አለች። የአባቴ ፊት በቀዳዳዋ ውስጥ ነበር፤ በቀጥታ እኔን ያያል። እጃቸውን ቢያነሡ ልተው ዝግጁ ሆኜ ቀስ ብዬ ረጨሁ። አላነሡም።